ለሕፃንም መርዶ ይነገረው

በአገራችን ዘመድ የሞተበት ሰው ወሬውን በመንገድ ላይ እንዲሁ እንዲሰማ አይደረግም። ሽማግሎች ይመካከራሉ፤ ሰዓት ይመርጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ገና ሳይነጋ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤትና ወዳጅ ተሰብስቦ ደጁን ያንኳኳል። መርዶ የሚባለው ይህ ነው። ባለ ኀዘኑ ክፉውን ወሬ ብቻውን እንዳይሰማ፣ ቢወድቅ የሚይዘው፣ ቢያለቅስ አብሮት የሚያለቅስ እንዲኖር የወጣ ሥርዓት ስለ ሆነ እጅግ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከዚህ ሥርዓት የተረሳ አንድ ወገን አለ፤ እርሱም ሕፃኑ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በኮልፌ፣ 18 ማዞሪያ አጠገብ፣ ለቅሶ ደርሰን ነበር። የሞቱት አንዲት ባልቴት ናቸው። ልጃቸውም ምራታቸውም ማልደው ወደ ሥራ ስለሚወጡ የስድስት ዓመቱን የልጅ ልጅ ቀስቅሰው፣ አልብሰው፣ ቁርሱን አብልተው ትምህርት ቤት የሚያደርሱት እርሳቸው ነበሩ። እድሩ ድንኳኑን ተክሏል፤ ወንበሩ ተደርድሯል፤ ንፍሮው ይዞራል፤ ልጁ ግን የለም። ለካ ወደ አክስቱ ቤት ተልኮ ኖሯል። ከሠልስቱ በኋላ ሲመለስም «እምዬ አገር ቤት ሄዳለች» ተባለ።

በአርባው ወደዚያው ቤት ስንሄድ ልጁን በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ታክሲ በቆመ ቁጥር አንገቱን ያሰግጋል። እናቱ እንደ ነገረችን፣ አጎቱ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሲነሣ ልጁ ጫማውን ደብቆበታል፤ አገር ቤት የሄደ ሰው አይመለስም ብሎ ፈርቷልና። አንድ ማታም «የሄደችው እኔ ስላስቸገርኳት ነው?» ብሎ ጠይቋታል። ኀዘኑ አልቀረለትም፤ የቀረበት አጽናኙ ነው።

ይህን የምንጽፈው ወላጆቹን ለመውቀስ አይደለም። የደበቁት በፍቅር ነው። ይሁን እንጂ ፍቅር ብቻውን አይበቃም፤ ዕውቀት ያስፈልገዋል። ሃንጋሪያዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማሪያ ናጊ በ1948 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ከ3 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች ስለ ሞት የሚያስቡትን መርምራ ነበር። ትንንሾቹ ሞትን እንደ ጉዞ ወይም እንደ እንቅልፍ ይቆጥሩታል፤ መመለሻ የሌለውና ለሁሉም የማይቀር መሆኑን የሚረዱት ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። እንግዲህ እኛ «ሄዳለች» ወይም «ተኝታለች» ባልን ጊዜ የሕፃኑን ስሕተት በገዛ አፋችን እናጸናበታለን ማለት ነው። መጓዝንና መተኛትንም የሚያስፈራ ነገር እናደርግበታለን።

«ታዲያ ሕፃን የለቅሶ ጩኸት አይቶ ይደንግጥ?» የሚሉን ይኖራሉ። እኛ ልጁን እየጎተቱ ወደ መቃብር ይውሰዱት አላልንም። መርዶው በወጉ ይነገረው ነው የምንለው። የሚነግረውም የሚወደው ሰው ይሁን፤ ቃሉም ግልጽ ይሁን፤ «እምዬ ሞታለች፤ ተመልሳ አትመጣም፤ በአንተ ጥፋት አይደለም፤ ከእንግዲህ ጧት የምቀሰቅስህ እኔ ነኝ» ይባል። በኮልፌ ከክርስቲያኑ ጎን ለጎን በሚኖረው በሙስሊሙ ጎረቤታችን ዘንድ ቀብሩ አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ይፈጸማል። ስለዚህ ጧት አያቱን ተሰናብቶ የወጣ ተማሪ ማታ ባዶ አልጋ እንዳያገኝ፣ ከትምህርት ቤቱ በር የሚቀበለው ሰው ያስፈልገዋል። ፈቃደኛ ከሆነም በድንኳኑ ውስጥ ሥራ አይጠፋለትም፤ እጅ ያስታጥባል፤ ንፍሮ ያዞራል። ትልቁን ሰው የሚያጽናናው ከሰው ጋር መዋል ከሆነ ሕፃኑንስ ስለ ምን አያጽናናውም?

ሕጋችን እንኳ የአያትን ሞት አልናቀውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ ላይ የሚቆጠር ወላጅ፣ ማለት አያትም፣ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። አያቱን በዓመት አንድ ጊዜ ለሚጠይቅ ጎልማሳ ይህ ከተገባው፣ በአያቱ ጉያ ላደገው ልጅ ደግሞ ቢያንስ አስተማሪው ይወቅለት፤ ትምህርት ባይገባው ወይም ዝም ቢል ሰነፍ አይባልበት።

የ18 ማዞሪያው ልጅ በመጨረሻ ከአባቱ አፍ እውነቱን ሰማ። አለቀሰ፤ አባቱም አብሮት አለቀሰ። በማግሥቱ «የት ነው የተቀበረችው?» ብሎ ጠየቀ፤ ወስደውም አሳዩት። በር ላይ ቆሞ መጠበቁን ከዚያ ወዲህ ተወ።

እናንት ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች፣ ለሽማግሎች ቃላችሁ የሚሰማ፣ ለሕፃናትም ዕድሜያችሁ የቀረበ ናችሁ። ስለዚህ ለቅሶ በደረሳችሁ ጊዜ «እግዜር ያጥናችሁ» ካላችሁ በኋላ አንዲት ጥያቄ ጨምሩ፤ «ልጆቹስ የት ናቸው? ማን ነገራቸው?»