ሰው ከፋ ወይስ ኑሮው ተበተነ?

«ድሮ ቀረ፤ ዛሬ ሰው ለሰው አይደርስም» የሚለው ወቀሳ ከአዲስ አበባ ለቅሶ ቤቶች አይጠፋም። የጎረቤት መረዳዳት መሳሳቱ እውነት ነው። ጥፋቱን በሰው ጠባይ ላይ ማላከክ ግን ያሳስታል፤ የቀድሞውን መረዳዳት ያጸናው ደግነት ብቻ አልነበረምና።

የ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ በኋላ የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርት ዓመታት እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ቆየ። ተከራዩ የሚለቅበት ምክንያት አልነበረውም። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ የሚጋሩ ሰዎች ሃያ ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ፣ ቢጣሉም እንኳ ይተዋወቃሉ። ዕድር የጸናው በዚህ ላይ ነው። ጡሩምባው ሲነፋ ድንኳን የሚተክለውም፣ ንፍሮ የምትቀቅለውም ቅርብ ናቸው። ይሉኝታውም ያስገድዳል፤ ዛሬ ለቅሶ የቀረ ሰው ነገ ቧንቧው ላይ ከሐዘንተኛው ጋር ዓይን ለዓይን ይገጣጠማል።

ያ ኑሮ የሚናፈቅ ነበር ማለቴ አይደለም። ጣራው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ ይሞላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ኮንዶሚኒየም ለብዙዎች የራስ መጸዳጃና ማዕድ ቤት ሰጥቷል። ጣጣው አደላደሉ ላይ ነው። ቤቱ በዕጣ ስለሚወጣ የአንድ ግቢ ሰው አንዱ ጀሞ፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ ይደርሰዋል። ሥራው መሀል ከተማ የሆነ ሰው ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። የባንክ ዕዳው የከበደው ቤቱን አከራይቶ ራሱ ሌላ ቦታ ይጠጋል፤ ተከራዩም ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ይለቃል። ከርሞ የት እንደሚያድር የማያውቅ ሰው ለዕድር መመዝገቢያ ቢከፍል ምን ያተርፋል?

አራተኛ ፎቅ ላይ ሰው ሲሞት ለውጡ ገሃድ ይወጣል። አሳንሰር የለምና ሳጥኑ በጠባቡ ደረጃ፣ በየመታጠፊያው እየተዘነበለ ይወርዳል። ድንኳኑ መኪና ማቆሚያው ላይ ይተከላል። ቤተሰቡ የድሮ ሰፈሩን ዕድር መዋጮ አላቋረጠም፤ ስለዚህ ብሩ ይደርሰዋል። ለቅሶ ላይ አብረውት የሚያድሩት የድሮ ጎረቤቶች ግን ሁለት ሦስት ታክሲ ይርቃሉ፤ የፊት ለፊቱ በር ባለቤት ደግሞ የሟችን ስም አያውቅም። ዕድሩ አልፈረሰም፤ ጉልበቱ ቀርቶ ገንዘቡ ተረፈ።

ገንዘብ ድንኳንና ወንበር ይከራያል። የአንዲት አሮጊት በር ከጠዋት ጀምሮ አለመከፈቱን ግን አያስተውልም። ጉዳቱም እኩል አይደርስም። ያለው ሞግዚትና አስታማሚ ይቀጥራል፤ ልጇን ለጎረቤት ትታ ጉልት የምትወጣ እናት ግን ጎረቤቷን ስታጣ ገቢዋንም ታጣለች።

ፒያሳና ካዛንቺስ በቅርብ ዓመታት ሲፈርሱ የጎረቤት መበተን ጥያቄ ዳግም ተነሥቷል። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ማዘዙ ተከራዩን ለማርጋት ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሰፈር ሲነሣ ነዋሪው በዕጣ ከሚበተን ይልቅ ከነዕድሩ አንድ አካባቢ ይስፈር። የተነሺዎች መዝገብ ክፍልና ካሬ ሜትር ይቆጥራል፤ ማን ለማን እንደሚደርስም ሊቆጥር ይገባል።