ሜዳሊያው ተሸጠ፤ ወረቀቱስ?

የአያቱን ሜዳሊያ የሸጠ የልጅ ልጅ ወሬው ከተሰማ ማኅበራዊ ሚዲያው አይምረውም። «አጥንት ሸጠ»፣ «ታሪኩን በብር ለወጠ» ይባላል። ንዴቱ ይገባል፤ ያነጣጠረው ግን በተሳሳተ ዕቃ ላይ ነው። ብረቱ ገዢ ስላለው አይጠፋም። ተወልውሎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ አንድ ሰው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። የሚጠፋው ከሜዳሊያው ጋር የተሰጠው ወረቀት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ማንም ሲቆጣ አይሰማም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለዘመቱ ወታደሮቻቸው የሰጧቸው ሜዳሊያዎች ጠርዛቸው ላይ የወታደሩ ስም፣ ቁጥርና ክፍል ተቀርጾባቸዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ቢገኝ እንኳ ባለቤቱ ማን እንደነበር ራሱ ይናገራል። የጀርመኑ የብረት መስቀልና የእኛው የአርበኞች ሜዳሊያ ግን እንዲህ አይደሉም፤ ስም አልተጻፈባቸውም።

የጀርመን ውትድርና ዕቃ የሚሰበስቡና የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለዚህ የሚያሳድዱት ወረቀቱን ነው፦ የሽልማቱን የምስክር ወረቀት፣ ወታደሩ ኪሱ ውስጥ ይይዘው የነበረውን የደመወዝ ደብተር። ያ ትንሽ ደብተር የትኛው ክፍል እንደነበረ፣ መቼ ሆስፒታል እንደገባ፣ ምን እንደተሸለመ ይናገራል። የመንግሥቱም ሥራ ያው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ የሟችና የቁስለኛ መረጃ ለመያዝ በርሊን ውስጥ የተቋቋመው ቢሮ ከጦርነቱ በኋላም አልተዘጋም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከፌዴራሉ ቤተ መዛግብት ጋር ተቀላቅሎ «አባቴ የት ነበር?» ለሚል ቤተሰብ ዛሬም መልስ ይሰጣል። የናዚን ምልክት አደባባይ ላይ ማሳየት በሕግ የሚያስቀጣበት አገር ነው። ጀርመኖች የሚያፍሩበትን ጦር ወረቀት ሳይቀር አስቀምጠዋል። እኛ የምንዘፍንለትን ጦር ወረቀት ለሱቅ ስኳር መጠቅለያ ሰጥተናል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ የድል ሐውልት ሥር ከሚሰበሰቡት አርበኞች ደረት ላይ የሚታየው የአርበኞች ሜዳሊያ ሪባኑ ላይ ትንንሽ ዘንባባዎች አሉት። ዘንባባው ጌጥ አይደለም፤ በዱር ለታገሉበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ነው። «ባለ አምስት ዘንባባ» የተባለ ሰው ከጣሊያን መግባት እስከ መውጣት ያልገባ ሰው ነው። ነገር ግን ሪባን ይቀየራል፣ ዘንባባም ተገዝቶ ይሰካል። አምስቱን ዓመት ማን፣ የት፣ ከየትኛው ጦር ጋር እንደታገለ የሚያስረዳው ወረቀቱ ብቻ ነው። በንጉሡ ዘመን ኒሻንና ሜዳሊያ ይሠራ የነበረው አዲስ አበባ ውስጥ የአርመኑ ሰቫጂያን ቤት ነው፤ ለንደንም ተሠርቷል። ዛሬ አስመስሎ የሚሠራም አለ። እውነተኛውን ከአስመሳዩ መለየት የሚችለው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ውጭ አገር ያለ ሰብሳቢ መሆኑ ያሳዝናል፤ እሱም ቢሆን ስለ ብረቱ እንጂ ስለ ሰውየው አያውቅም።

የኮሪያው ደግሞ ይበልጥ ይቆጫል። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሳ። በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘመቱ፣ ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። የተባበሩት መንግሥታት ለዘማቾች የሰጠው ሜዳሊያ ላይ ጽሑፉ እንደየአገሩ ቋንቋ የተለያየ ነው፤ አንዱ በአማርኛ ነው። የዓለም ሰብሳቢዎች ይህን የአማርኛውን ይፈልጉታል። እዚህ ግን ሜዳሊያው ላይ ፊደላችን እንዳለ የሚያውቀው ስንቱ ነው?

ወረቀቱ ለምን ጠፋ? አንዴ ብቻ ስላልተደበቀ ነው። ከ1966 በኋላ የንጉሡ ምስል ያለበት ሜዳሊያ አንገት የሚያስደፋ ሆነ። የኮሪያ ዘማቾችማ ከሶሻሊስት «ወንድሞች» ጋር የተዋጉ ናቸው ተባሉ፤ ሰሜን ኮሪያ የትግላችን ሐውልትን ስታግዝ እነሱ ሜዳሊያቸውን ደብቀው ነበር። በ1983 ደግሞ የደርግ ሠራዊት ሲበተን ያኛው ወታደር በተራው መታወቂያውን ቀደደ፣ የደንብ ልብሱን ቀበረ። አዲስ መንግሥት በመጣ ቁጥር የቀድሞው ወታደር ወረቀቱን ያቃጥላል። የደርጉ ወታደር ታሪክ እንዲያውም ከሁሉም የባሰ ነው።

ከዚህ ሁሉ የተረፈው በቄራና በካዛንቺስ የቀበሌ ቤቶች፣ አልጋ ሥር፣ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነበር። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች የመጣ ነው። ጣሊያንን የተዋጉ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች እዚያው ኖረዋል። በ2017 ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪው ዕቃውን ጭኖ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ቦታ ሄደ። በችኮላ ቤት የለቀቀ ሰው ይረዳዋል፦ ቲቪው ይጫናል፣ ምጣዱ ይጫናል። የሻገተው የወረቀት ክምር ይጣላል፤ መለዮና ብረት ነክ ነገር ለቆራሌው ይሸጣል። ከዚያ ምናለሽ ተራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አድራሻ የለውም።

በዚህ ጊዜ ሜዳሊያ የሸጠውን ቤተሰብ መስደብ ከባድ ግፍ ነው። የመቅደላ ዕቃ ሌላ ነገር ነው፤ የተዘረፈ ስለሆነ ይጠየቃል። በ2016 እንግሊዝ አገር ለጨረታ የቀረበው የመቅደላ ጋሻ ኢትዮጵያ ጠይቃ ከሽያጭ ወጥቷል። የቤት ኪራይ የጎደለበት ሰው በፈቃዱ የሸጠውን ግን በየትኛው ፍርድ ቤት ይመለስ ይባላል?

ሕግ የለም አይባልም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግብ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ይላል። ነገር ግን በሐምሌ 1967 ቤቱ ሲወረስ ያየ ቤተሰብ «ያለህን ዕቃ አምጥተህ አስመዝግብ» ሲባል ምን ያስባል? ይደብቃል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ዕቃው አይደለም፤ የወረቀቱ ቅጂ ነው። ቅጂ ለመስጠት የሚፈራ ሰው ጥቂት ነው፣ ሜዳሊያውን ነገ ቢሸጥ እንኳ ስሙ ይቀራል። የአዲስ አበባ ሙዚየም መስቀል አደባባይ ዳር፣ የጦር ሚኒስትር በነበሩት በራስ ብሩ ቤት ውስጥ ነው ያለው፤ ካዛንቺስ ከዚያ የእግር መንገድ ነው። ለፈረሳ ቤት ለቤት ዞሮ ቁጥር የጻፈ አስተዳደር ከሠራተኞቹ ጋር አንድ የፎቶ ባለሙያ መላክ አያቅተውም ነበር። ቄራ ላይ ገና ያልተነኩ ሳጥኖች አሉ፣ ተራቸው ሳይደርስ ይህን ማድረግ ይቻላል።

ቤተሰቡም ወረዳውን መጠበቅ የለበትም። ሜዳሊያውን ፊትና ጀርባ በስልክ ማንሳት፣ ወረቀቱን ገጽ በገጽ ማንሳት፣ ስም፣ ክፍለ ጦርና ዓመት ጽፎ ፎቶው ጋር ማስቀመጥ፣ ቅጂውን ለወመዘክር መስጠት። ሽማግሌው በሕይወት ካሉ ድምፃቸውን መቅዳት። ይኼኛው ዛሬ ነገ አይባልም፤ ኮሪያ ከተዋጉት መካከል ትንሹ የሚባለው እንኳ 90 ዓመት አልፎታል።