ውሻው እሳት ዳር፣ አስተናጋጇ ከመንደሩ ውጭ

በኖቬምበር መጨረሻ፣ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ባለው በኮርንዎል የባሕር ዳርቻ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨልማል። ከአትላንቲክ የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። በዚህ ሰዓት ገደል ገደሉን ሲጓዙ የዋሉ ባልና ሚስት ውሻቸውን አስከትለው ወደ አንድ የገጠር ማረፊያ ቢገቡ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቁታል። በሩ ሥር የውሃ ሳህን አለ። ከበሩ ጀርባ ለጭቃማ እግር የሚሆን አሮጌ ፎጣ ተሰቅሏል። ባንኮኒው ላይ የውሻ ብስኩት በጠርሙስ ተቀምጧል። ውሻው ይደራረቃል፣ እሳቱ ዳር ይጋደማል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ይህን ያየ ብዙ ሐበሻ አንዲት የተለመደች አስተያየት አለችው፦ «እነዚህ ሰዎች እኮ ከሰው ይልቅ ውሻ ያከብራሉ!» ሰው የሚከራየው ክፍል አጥቶ እየተንከራተተ ለውሻ ማደሪያ ሲያዝ ነገሩ ያበሳጫል። ብስጭቱ ከንቱ አይደለም። አድራሻውን ግን ስቷል። በዚያ መንደር ሰውን ማደሪያ የነሳው እሳት ዳር የተኛው ውሻ አይደለም፤ ውሻውን የተቀበለው ማረፊያም አይደለም።

እንግሊዞች «ኢን» የሚሉት ይህ ማረፊያ ከከተማ ሆቴል ይለያል። ከታች መጠጥና ምግብ ይሸጥበታል፣ ከላይ ጥቂት መኝታ ክፍሎች አሉት። የመንደሩ ሰው ማታ ማታ የሚገናኘውም እዚያው ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ቤት ጭንቀት ኦገስት አይደለም። በኦገስት ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ቤተሰብ ይጎርፋል፣ ክፍሉ ውሻ ኖረም አልኖረም ይሞላል። ጭንቀቱ ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለው ጊዜ ነው። ማሞቂያው፣ መብራቱና ደመወዙ ወጪ መብላታቸውን አያቆሙም፤ እንግዳው ግን ይጠፋል።

ይህን ክፍተት ከሚሞሉት አንዱ ባለውሻው ነው። ውሻ ዝናብ ነው ብሎ ቤት አይውልም፤ በየቀኑ መንሸራሸር አለበት። ባለቤቱም እሱን ትቶ ወደ ስፔን መብረር ይከብደዋል። በዚያ ላይ በሞቃቱ ወቅት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር፣ ሰው በሚበዛባቸው ብዙ የባሕር ዳርቻዎች ውሻ እንዳይገባ የአካባቢው ምክር ቤት ይከለክላል። ክልከላው ሲያበቃ አሸዋው ለውሻም ይከፈታል። ስለዚህ ሌላው እንግዳ ሲሄድ ባለውሻው ይመጣል። እራቱን እዚያው ይበላል፣ ብዙ ጊዜም ለውሻው በአዳር ጥቂት ፓውንድ ይጨምራል። ለማረፊያው ባለቤት ይህ የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የወጥ ቤቱን ሠራተኛ በጃንዋሪም ሥራ ላይ የማቆየት ጉዳይ ነው።

ሆኖም ባለውሻው ያን ያህል ርቀት የሚነዳው ለፎጣና ለብስኩት ብሎ አይደለም። ለመንገዱ ብሎ ነው። መንገዱ ደግሞ የማረፊያው ንብረት አይደለም። ሳውዝ ዌስት ኮስት ፓዝ የሚባለው የእግር መንገድ ከማይንሄድ ከተማ ተነስቶ፣ ዴቨንንና ኮርንዎልን ዞሮ፣ ፑል ወደብ አፍ ላይ ያበቃል። ርዝመቱ 630 ማይል፣ ወደ 1,014 ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኛውን ክፍል አስቀድመው የረገጡት ቱሪስቶች ሳይሆኑ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮንትሮባንድ ይጠብቁ የነበሩ የባሕር ጠረፍ ዘቦች ናቸው። ጀልባ ሊደበቅበት የሚችለውን ጥግ ሁሉ ቁልቁል ማየት ስለነበረባቸው፣ መንገዱ እስከ ዛሬ የገደሉን ጠርዝ ይዞ ይሄዳል።

የዘቦች ዱካ የሕዝብ መንገድ የሆነው በራሱ ጊዜ አይደለም። በ1949 ብሔራዊ ፓርኮችንና ረጃጅም የእግር መንገዶችን የሚመለከት ሕግ ወጣ። በ1965 ናሽናል ትረስት የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ከሕዝብ ገንዘብ እያሰባሰበ የባሕር ዳርቻ መሬት የሚገዛበትንና ከግንባታ የሚታደግበትን «ኔፕቱን» የተሰኘ ዘመቻ ጀመረ። የዚህ መንገድ የመጨረሻው ክፍል በ1978 ተከፈተ። በ2009 ደግሞ በመላው የእንግሊዝ ጠረፍ ዙሪያ የእግር መንገድ እንዲከፈት የሚያዝ ሕግ ጸደቀ። የገደሉ ዳር በየባለሀብቱ አጥር ተከልሎ ቢሆን ኖሮ፣ ማረፊያው በኖቬምበር የሚሸጠው ነገር ባልኖረው ነበር። የግል ንግዱ የቆመው በሕዝብ መንገድ ላይ ነው።

ሌላው ደረሰኝ ላይ የማይጻፈው ነገር ጤና ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ውሻን ግቢ እንጂ ቤት የማያስገባው ጭካኔ ስላለበት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ፍርሃቱ ምክንያት አለው። ብሪታንያም ይህን ፍርሃት ታውቀዋለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መንግሥት ውሾች አፋቸው እንዲለጎም አስገደደ፣ ከውጭ የሚገቡትም ለወራት ተለይተው እንዲቆዩ አደረገ፤ በሽታው በ1902 ጠፋ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1918፣ ተመልሶ ገባ። ከውሾች እንደገና የጠፋው በ1922 ነው። ከውጭ የሚገባ ውሻ ለስድስት ወር ተለይቶ የሚቆይበት ጥብቅ ደንብ የላላው በ2000 ነበር። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በእንግሊዝ ውሻ ሁሉ ባለቤቱን የሚያሳውቅ ማይክሮቺፕ እንዲኖረው ግድ ሆኗል። ውሻ ከእራት ጠረጴዛ ሥር ሲተኛ ማንም የማይደነግጠው እንግሊዞች በተፈጥሯቸው ውሻ ወዳድ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ የተጠበቀ የጤና ሥርዓት ስላለ ነው።

ከዚያ የሕጉ ጉዳይ ይመጣል፤ «ከሰው ይልቅ ውሻ» የሚለው አባባል በደንብ የሚፈተሸውም እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የመሸበት መንገደኛ ደጅ ሲቆም «ቤት ለእንግዳ» ይባላል፤ ይህ የባህልና የሃይማኖት ግዴታ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ማረፊያ የከፈተ ሰው ቦታ እስካለው ድረስ፣ የመክፈል አቅም ያለውንና ሥርዓት የያዘውን መንገደኛ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይመልስ ልማዳዊው ሕግ ለዘመናት ያስገድደዋል። በ1956 የወጣው የሆቴል ባለቤቶች ሕግም ሆቴልን የሚተረጉመው በዚሁ መንፈስ ነው። ግዴታው ግን ለሰው እንጂ ለውሻ አይደለም። በ1877 ትልልቅ ውሾች ይዞ የሚመጣን ደንበኛ አላስተናግድም ያለ ባለቤት ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ውሳኔው ለባለቤቱ ሆነ። ከምክንያቶቹ አንዱ ውሾቹ ነበሩ። ለአካል ጉዳተኞች የሚያግዙ ውሾች በ2010 የእኩልነት ሕግ ከለላ አላቸው፤ እዚያም ቢሆን መብቱ የሰውየው ነው። ባጭሩ፣ ሰው የሚገባው በመብት ነው፤ ውሻ የሚገባው በባለቤቱ ፈቃድ ነው።

በእርግጥ ያ የሰው መብት ለሁሉም እኩል አልተከበረም። በ1943 የትሪኒዳዱ የክሪኬት ኮከብ ሊሪ ኮንስታንቲን አስቀድሞ ክፍል ይዞ ወደ ለንደኑ ኢምፔሪያል ሆቴል ከቤተሰቡ ጋር ሲሄድ፣ ጥቁር በመሆኑ እንዲወጣ ተነገረው። ሆቴሉን ከሰሰ፤ በ1944 ረታ። ዳኛው የተመሠረቱት በዚያው አሮጌ የማረፊያ ሕግ ላይ ነበር። የተፈረደለት ካሳ አምስት ጊኒ ብቻ ነው። በ1964 በብሪስቶል አንድ ፐብ ፖል ስቲቨንሰን የተባለ ጥቁር ወጣት አልወጣም ብሎ ታሰረ፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች የዘር መድልዎን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በማግስቱ ዓመት፣ በ1965 ነው። እንግዲህ በዚያ አገር ሰውን በር ላይ የመመለስ ታሪክ ነበር። ያ በር የተከፈተው ግን ውሻን በማስወጣት አይደለም፤ በሙግትና በሕግ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል የባለውሻው ኃጢአት አይሸፈንም። ውሻ የሚፈራ ልጅ፣ ጠጉሩ የሚያስነጥሰው ሰው፣ በእምነቱ ምክንያት ከውሻ ጋር በአንድ ጠረጴዛ መብላት የማይፈልግ እንግዳ አለ። ለእነሱ ውሻ የማይገባበት ክፍል ያላዘጋጀ ማረፊያ አንዱን ለመቀበል ሌላውን ይመልሳል። መንገዱም የእርሻ መሬት ያቋርጣል። በጎች በሚወልዱበት ወራት ማሰሪያው የተፈታ አንድ ውሻ የገበሬውን የዓመት ድካም በደቂቃዎች ያጠፋል። በጎች የሚያባርር ውሻ ባለቤት ከ1953 ጀምሮ በሕግ ይጠየቃል። ለሕዝብ ክፍት በሆነው ገጠራማ መሬት ላይም ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ማሰሪያው ከሁለት ሜትር መብለጥ የለበትም፤ መሬት ላይ የሚፈለፍሉ ወፎች አሉና። ይህን የሚንቅ ባለውሻ የሚጎዳው በጎቹን ብቻ አይደለም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ መንገዱ እንዲዘጋ ሰበብ ለሚፈልግ ሁሉ ቀዳዳ ይከፍታል።

ታዲያ ማደሪያ ያጣው ሰው የታለ? ባልና ሚስቱ ጠዋት ከማረፊያው ወጥተው ቀና ቢሉ መልሱን ያዩታል። ባሕሩን ቁልቁል የሚያዩት ቆንጆዎቹ ቤቶች በኖቬምበር መስኮታቸው ጨለማ ነው። የሌላ ከተማ ሰዎች ሁለተኛ ቤቶች ናቸው፤ ወይም ለዕረፍት በሳምንት የሚከራዩ ናቸው። ማታ እራት ያቀረበችላቸው አስተናጋጅ በዚያ መንደር የምትከራየው ቤት ስለማታገኝ ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ ትመላለሳለች። የእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ ችግር በኮርንዎል የታወቀ ነው። የሴንት አይቭስ ነዋሪዎች በሜይ 2016 ባደረጉት ሕዝበ ውሳኔ፣ አዲስ የሚሠሩ ቤቶች ለሁለተኛ ቤትነት እንዳይውሉ ከ80 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ወሰኑ። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ደግሞ የእንግሊዝ ምክር ቤቶች በሁለተኛ ቤቶች ላይ ካውንስል ታክሱን እጥፍ ማድረግ ይችላሉ፤ ኮርንዎልም ይህን ሥራ ላይ አውሏል። የሴንት አይቭስ ውሳኔ ግን ቀድሞ የተሸጠውን ቤት አይነካም፤ እጥፍ ግብር መክፈል የማያቅተው ባለቤትም ቤቱን እንደዘጋ ሊያቆየው ይችላል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ማረፊያው አንዱን ክፍል በዓመት ለብዙ ሰው ያካፍላል፤ በክረምትም ደመወዝ ይከፍላል፤ የመንደሩ ሰው የሚቀመጥበት ሞቅ ያለ ቤት ያቆያል። የተዘጋው ቤት ያንኑ ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ቦታ ይዞ ለማንም አያበራም። የዕረፍት ቤቱም በሩ ላይ «ውሻ ይገባል» ሊል ይችላል፤ ስለዚህ መለያው ማስታወቂያው አይደለም። መለያው በጃንዋሪ መብራቱ መብራት አለመብራቱ ነው። ማረፊያውም ቢሆን ከጥያቄ አያመልጥም። ስምንት ክፍል ለእንግዳ ያለው ባለቤት አንዱን ለሠራተኛው ቢያደርግ ከብስኩቱም ከፎጣውም የበለጠ የሚያስመሰግነው ነገር ይሠራል።

«ከሰው ይልቅ ውሻ» የሚለው አባባል በቀላሉ ስለሚያስቅ ቶሎ ይዛመታል። ችግሩ ተጠያቂውን ያስመልጣል። ሰው በቁጣ ጠረጴዛው ሥር ሲያይ፣ ከኮረብታው ላይ ያሉት ጨለማ መስኮቶች ሳይታዩ ያልፋሉ። ውሻው የሚፈልገው ጥቂት እሳትና የደረቀ ወለል ነው፤ ነገ ጠዋትም ይሄዳል። አስተናጋጇ የምትፈልገው ግን ከሥራዋ በእግር የሚደረስ ቤት ነው። እሷን ቤት ለማሳጣት ውሻው ያደረገው አንዳች ነገር የለም።