ለዳገት የታሰበ ሞተር፣ ለቁልቁለት የተረሳ ፍሬን

ትንሽ መኪና ዳገት እምቢ ስትል መድኃኒቷ ከፍ ያለ ሞተር ነው የሚለው ምክር በባሌ ደጋ እንደ ልማድ የተያዘ ነው፤ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ እስከ ሮቤና ጎባ ጋራዦች ድረስ የሚከራከረው ሰው ጥቂት ነው። 1,290 ሲሲ የሆነው ፎርኬ ሞተር ላለው አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ 1,486 ሲሲው ፋይቭኬ ይታሰብለታል። ባለ 1,298 ሲሲ ቪትዝ ደግሞ የ1,497 ሲሲ ሞተር ይፈለግለታል። የሚገባው ሞተር ያገለገለ ነው፤ ሥራው በትንሽ ገንዘብ እንዲያልቅ ስለሚፈለግም ከሞተሩ በቀር ሌላ ነገር አይነካም። ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሞተሯ ብቻ የተለወጠ መኪና በባሌዋ ሲናና ወረዳ ዙሪያ ባሉት መንገዶች ላይ ከቀድሞው ይልቅ አደገኛ ትሆናለች፤ ብዙ ጊዜም የተፈለገውን ጉልበት እንኳ አታገኝም።

የልማዱ መነሻ ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ የመኪና ግብር ለረጅም ዘመን የተለካው በሞተር መጠን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 እስከ 1,300 ሲሲ ባለው አዲስ አውቶሞቢል ላይ 5 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ ባለው ላይ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 100 በመቶ ጥሏል፤ ያገለገሉት ላይ ደግሞ እንደ ዕድሜያቸው እጅግ የከበደ ተጨማሪ ጭኗል። ስለዚህ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው የሚደርስበት መኪና ሁልጊዜ ትንሽ ሞተር ያለው ሆነ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል ደግሞ እጅ ላይ ያለውን አሮጌ መኪና ማቆየትና ማጠናከር ብቸኛ አማራጭ መሰለ። ባለ ብዙ ቤተሰብ መምህር ወይም አነስተኛ ነጋዴ ለመኪናው ጉልበት ቢመኝ አይፈረድበትም። ሊወቀስ የሚገባው ምርመራ ሳያደርግ ማዘዣ የሚጽፈው ምክር ነው።

ምክሩ የቆመበት አንድ እውነት አለ፤ ከፍታ የሞተርን ጉልበት ይቀንሳል። ሞተር የሚሠራው ቤንዚንን ከአየር ጋር አቃጥሎ ነው፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ግፊቱ ወደ 60 በመቶ ግድም ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ በዚሁ ልክ ይዳከማል። በሮቤ አንድ አራተኛ የሚሆነው ጉልበቱ ይጠፋል፤ ሳነቴ ላይ ከአንድ ሦስተኛ በላይ።

ስሌቱ ምክሩን ከዚህ በላይ አያስኬደውም። ፋይቭኬ ከፎርኬ የሚበልጠው በ15 በመቶ ነው። ከ1,298 ወደ 1,497 ሲሲ ማለፍም ያው 15 በመቶ ነው። ሮቤ ላይ ከፍታው የወሰደውን አንድ አራተኛ ጉልበት እንኳ በሙሉ አይመልስም። በአንጻሩ የጭነቱን ነገር ማየት ይገባል። ባዶዋን ከ900 ኪሎ በታች የምትመዝን መኪና አምስት ትልልቅ ሰዎችና አንድ ኩንታል ስንዴ ስትጭን የራሷን ክብደት ግማሽ ያህል ተጨማሪ ትሸከማለች። ዳገት ላይ የሚያስፈልገው ጉልበት በክብደቱ ልክ ስለሚጨምር፣ በ15 በመቶ የበለጠ ሞተር 50 በመቶ የጨመረውን ሸክም ሊያካክስ አይችልም። ስንዴና ገብስ በሚመረትበት በሲናና ወረዳ፣ በአጨዳ ወቅት፣ ብዙ ትንንሽ መኪኖች የሚደክሙበት ምክንያት ይኸው ነው።

ከፍታው የማይጠየቅበት ሌላ የጠፋ ጉልበትም አለ፤ ይህ በርካሽ የሚመለሰው ክፍል ነው። ብዙ ዘመን የሠራ ሞተር የፒስተን ፋሻው ይበላል፣ ቫልቮቹ በደንብ አይገጥሙም፣ ግፊት ያፈሳል። በየሲሊንደሩ የኮምፕረሽን መለኪያ ማስገባት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ሆኖም ሞተር ይቀየር ከመባሉ በፊት ይህ ልኬት የማይደረግበት ጊዜ ይበዛል። ልኬት የሌለው ውሳኔ ግምት ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ የግምቱን ዋጋ በቁጠባው ይከፍላል። ባለ ካርቡራተር መኪና ሌላ ችግር ይጨመርበታል። ቤንዚኑን የሚመጥነው ጂግለር ለዝቅተኛ ቦታ የተቀደደ ከሆነ፣ ሮቤ ላይ ለሳሳው አየር ከ10 በመቶ በላይ ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል፤ ሳነቴ ላይ 20 በመቶ ገደማ። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጢስ ይተፋል፣ ሞተሩ ይታፈናል። አነስ ያለ ጂግለር ማስገባትና የእሳቱን ጊዜ ጥቂት ማስቀደም ከአዲስ ሞተር ጋር የማይወዳደር ዋጋ ያለው ሥራ ነው።

ጎማም ተጠያቂ ነው። የገጠሩ መንገድ የመኪናውን ሆድ እንዳይነካ ተብሎ ከፋብሪካው ልክ ከፍ ያለ ጎማ ይገጠማል። የጎማው ዙሪያ በ10 በመቶ ሲያድግ መሬት ላይ የሚደርሰው የመጎተት ኃይል በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ባለቤቱ ሳያውቀው የሁሉንም ማርሽ ልክ ለውጦታል ማለት ነው። የሚንሸራተት ፍሪሲዮን፣ የታፈነ የአየር ፊልትሮና ሳይላቀቅ የሚጎተት ፍሬንም የየራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። እነዚህ ሁሉ ሳይታዩ የገባ ትልቅ ሞተር በጎማውም፣ በተያዘው ፍሬንም፣ በጭነቱም ያው ይታገላል።

ወደ ሞተሩ መግባት ሲመጣ፣ የዋጋው ማነስ ምንጭ መመርመር አለበት። ሥራው የሚረክሰው ሳይሠሩ የሚታለፉ ነገሮች ስላሉ ነው። ካምቢዮውና ሰሚያሶቹ ለቀድሞው ሞተር የተሠሩ ናቸው። ሱፖርቱ ባልተወለደለት ሞተር ልክ በብየዳ ይቀጠላል። ባለ ኢንጀክሽን ሞተር ከሆነ የራሱን ኮምፒውተር፣ ሴንሰሮችና የሽቦ መስመር አብሮ ይፈልጋል፤ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሞተሩ ይነሣል እንጂ ልኩን ጠብቆ አይሠራም፤ ያን ጊዜ ከአሮጌው የባሰ ቤንዚን ይጠጣል።

ራዲያተሩ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ይዘነጋል። ቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ኃይል ሲሶ ያህሉን ለማቀዝቀዣው ውኃ ያስረክባል፤ ብዙ ነዳጅ ያቃጠለ ብዙ ሙቀት ይሰጣል። ሳነቴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሲሶ ስለሚሳሳ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስም በዚያው መጠን ደካማ ነው። ከዚህ በላይ፣ ክፍት ውኃ እዚያ የሚፈላው በ87 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብዙ ቴርሞስታቶች የሚከፈቱት በ82 ዲግሪ ገደማ መሆኑ ሲታሰብ ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይታያል። ውኃው ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ብቻ ነው፤ ላስቲኩ የደረቀ ክዳንና ለትንሽ ሞተር የተለካ ራዲያተር ይዞ ዳገቱን በትልቅ ሞተር መጫን የቴስታታ ጋርኒሲዮንን ማቃጠል ነው። ሞተሩ ጋለ ተብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም መፍትሔ አይሆንም፤ በደጋው ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲሠራና ቶሎ እንዲበላ ያደርጋል።

እስካሁን የተነሡት ጉዳቶች በገንዘብ የሚተመኑ ናቸው። ፍሬን ግን የሕይወት ጉዳይ ነው፤ የዚህ ልማድ ከባዱ በደልም እዚህ ላይ ነው። ከሳነቴ አምባ በሪራና በሐረና ደን አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ተነሥቶ ከ1,500 ሜትር በታች ይደርሳል። አንድ መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ ክብደቱ ምንም ይሁን ምን፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሮጠ 25 ጊዜ ቢቆም ፍሬኑ የሚውጠውን ያህል ነው። ነፋሱና ሞተሩ ከፊሉን ይወስዳሉ፤ የቀረው በሙሉ ወደ ፍሬን ሸራና ወደ ታምቡሩ ሙቀት ሆኖ ይገባል። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል መያዝ ይተዋል፤ ያረጀ የፍሬን ዘይት ሲፈላ ደግሞ ፔዳሉ ባዶውን ይሰምጣል።

ትልቅ ሞተር በዚያው ማርሽ ሲወርድ ይበልጥ ይይዛል የሚል መከራከሪያ ይቀርባል፤ በራሱ እውነት ነው። ሆኖም ጉልበት የጨመረላት መኪና በቀድሞ ፍጥነቷ አትነዳም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው 100 ስትደርስ ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። በዚያ ላይ ሞተር ተለወጠ ተብሎ ጭነቱም ይጨመራል። ፔዳሉን የሚያቀለው ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየርና በሞተሩ ውስጥ ባለው ግፊት ልዩነት ነው፤ የውጭው ግፊት ወደ 60 በመቶ ሲወርድ የሰርቮው እገዛም አብሮ ይቀንሳል። ማለትም አሽከርካሪው ከአምባው ጠርዝ ቁልቁለቱን ሲጀምር ፔዳሉ የሚከብድበት፣ የሳሳው አየር ታምቡሩን የማያቀዘቅዝበትና ከመቼውም ይልቅ ፍሬን የሚያስፈልግበት ሰዓት አንድ ላይ ይገጥሙበታል። ይህን እያወቀ ሞተሩን ብቻ ለውጦ መኪናውን ለባለቤቱ የሚያስረክብ ባለሙያ ግማሽ ሥራ ሠራ አይባልም፤ የከፋ ሥራ ሠርቷል። አምራቹ ራሱ ተመሳሳይ መኪና ላይ ከፍ ያለ ሞተር ሲያስገባ ፍሬኑን፣ አሞርዛተሩንና ማቀዝቀዣውን አብሮ የሚያጤነው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሕጉም ጉዳይ አለ። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ የሚታወቅባቸው ነገሮች ሻንሲውና ሞተሩ ጭምር ናቸው፤ ሊብሬው ላይ የሞተሩ ቁጥር ይሰፍራል። ተለውጦ ያልተመዘገበ ሞተር ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ፣ መኪናው ሲሸጥ ወይም አደጋ ደርሶ ኢንሹራንስ ሲጠየቅ ችግር ያመጣል። የተቆጠበው ገንዘብ በአንድ ቀን ክርክር ሊያልቅ ይችላል።

ሞተር መቀየር ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አሮጌው በልኬት ተፈትኖ ለእድሳት እንኳ የማይበቃ ሲሆን። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ምርጫ ያው ዓይነት ደኅና ሞተር ነው። ከፍ ያለ ካስፈለገም አምራቹ በዚያው መኪና አካል ላይ ያስገባውን መምረጥ ይሻላል። ለምሳሌ ባለ 1,298 ሲሲው ቱኤንዜድና ባለ 1,497ቱ ዋንኤንዜድ የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ናቸው፤ የሲሊንደራቸው ስፋት አንድ ነው፤ ሁለቱንም ቶዮታ ራሱ በቪትዝ ላይ ገጥሟቸዋል። በዚህም ጊዜ ገንዘቡ በቅደም ተከተል መውጣት አለበት፤ መጀመሪያ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይትና የፊት ፍሬን፣ ቀጥሎ ራዲያተርና ክዳኑ፣ ከዚያ ሞተሩ ከነካምቢዮው፣ ከነኮምፒውተሩና ከነሽቦው። ገንዘቡ እስከ ሞተሩ ካልደረሰ ደኅና ፍሬንና የተስተካከለ ካርቡራተር ያላት የድሮዋ መኪና በሁለተኛ ማርሽ የዲንሾን ዳገት ቀስ ብላ ትወጣለች። ከደረሰ ደግሞ የሞተሩ የግዢ ደረሰኝና የጉምሩክ ሰነድ ከሞተሩ ጋር መቅረብ አለበት፤ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ሰነድ የሌለው ሞተር ቢረክስም መገዛት የለበትም፤ ሊብሬ ላይ የሚሰፍርበት መንገድ የለም።