ዶሮ ስትሞት ጎረቤት ይስማ

በሬ የሞተበት ሰው ሐዘኑን አይደብቅም። ጎረቤቱ ይመጣል፤ አንዱ «እግዜር ይተካ»፣ ሌላው «አላህ ይተካልህ» ብሎ ይሄዳል። ዶሮ ስትሞት ግን ወሬው ከአጥር አያልፍም። በድኗ በፌስታል ተቋጥሮ ሲመሽ ወደ ቦዩ ወይም ወደ ገደሉ ይጣላል። የተረፉት ሁለት ሦስቱ ደግሞ በማግስቱ እግራቸው ታስሮ ገበያ ይወጣሉ። ጭሮ እንዲህ ነው፤ ሂርናም፣ ገለምሶና በዴሳም፣ ቆላው ሚኤሶም ያው ነው። እኛም የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞችን ነዋሪ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ዶሮ ሲሞትብን በዚያው ቀን ለጎረቤት እንንገር፤ የተረፉትንም ከግቢ አናውጣ።

ሲሉት ቀላል ነው። የእንቁላል ብር ግን የእናት ብር ነው። ደብተር የሚገዛው፣ ጨውና ዘይት የሚሞላው፣ የጫቱ ወይም የቡናው ገንዘብ እስኪመጣ ቤት የሚደጎመው በእሱ ነው። ከስድስት ዶሮ አንዷ ስትወድቅባት «አምስቱን ሳይሞቱ ላትርፋቸው» ብላ ወደ ገበያ የምትሮጥ ሴት ክፉ ሰው አይደለችም። በእሷ ኪስ በኩል ከታየ ሒሳቧ ልክ ነው። አምስቱ ዶሮዎች ግን ወደ አምስት ቤት ይሄዳሉ፤ በእነዚያ ቤቶች ያሉት ዶሮዎች ደግሞ ከጎረቤት ዶሮ ጋር አንድ ላይ ይጭራሉ።

ድንገት የሞተች ዶሮ ሁሉ ፈንግል የሚባለው ተላላፊ በሽታ ይዟት ነው ማለት አይደለም። እንቁላል ተቀርቅሮባት የምትሞት አለች። እባብ የነደፋት፣ የአይጥ መርዝ የበላች አለች። በእኛ አገር ደግሞ አንድ ሌላ ምክንያት አይዘነጋም፤ ጫት ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ። ዶሮ በመርዝ የሞተ ትል ለቅማ፣ ወይም የመድኃኒቱ ዕቃ ከታጠበበት ኩሬ ጠጥታ በሰዓታት ውስጥ ልትወድቅ ትችላለች። እንዲህ ዓይነቱ ሞት ብዙ ጊዜ በአንድ ግቢ ይቀራል። ዛሬ አንዷ፣ ከነገ ወዲያ ሁለቱ፣ በሳምንቱ የጎረቤት ዶሮም ከሞተ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ፈንግል ነው።

ፈንግል ያደረባት ዶሮ ከመንጋው ትለያለች። ላባዋን ነፍታ ጥግ ይዛ ትቆማለች፤ ጥሬ ቢበተንላት አንገቷን አታነሣም። አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ ጉሮሮዋ ያንኮራፋል፣ ኩሷ ቀጥኖ አረንጓዴ ይሆናል። እንቁላል ትጥል ከነበረ ታቆማለች፤ ብትጥልም ቅርፊቱ የሳሳ ይሆናል። ቀናት ከቆየች ክንፏ ይወድቃል፣ እግሯ ይዝላል፣ አንገቷ ይጠመዘዛል፤ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ዞሮ ሰማይ ሰማይ ታያለች። አንዳንዷ ደግሞ ይህን ሁሉ ሳታሳይ ማታ ቆጥ ላይ ወጥታ ጠዋት ከቆጡ ሥር ትገኛለች። በሽታው ካልተከተበ መንጋ ሲገባ አንድም ሳያስቀር ሊጨርስ ይችላል።

ሳይንሱ የኒውካስል በሽታ ይለዋል። በእንግሊዟ የኒውካስል ከተማና በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1926 ተለይቶ ታወቀ። በእኛ በኩል መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1971፣ ያኔ የኢትዮጵያ አካል በነበረችው አስመራ ውስጥ በነበረ የዶሮ እርባታ ነው። ምክንያቱ ቫይረስ ስለሆነ ከገባ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በየሰፈሩ ዛሬም የቴትራሳይክሊን እንክብል ተፈልቅቆ ዶሮ በምትጠጣው ውሃ ይበጠበጣል። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና ሎሚ የሚሰጡት አሮጊቶች ቢያንስ የሚጎዱት ነገር የለም። እንክብሉ ግን ፈንግልን አይነካውም፤ ያለ ልክ ሲሰጥ ደግሞ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ይለምዱትና ለሰው ልጅ ሕመም በሚያስፈልግበት ቀን ላይሠራ ይችላል። ለቤተሰብ የተገዛ መድኃኒት ለዶሮ አይሁን።

ሁለተኛው ልማድ «በክት ሳትሆን ትታረድ» የሚለው ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሞተ አይበላም፤ ስለዚህ ዶሮዋ ስትንገዳገድ ቢላዋ ይፈለጋል። በፈንግል የሰው ጉዳት ብዙውን ጊዜ ቀላል የዓይን መቅላት ነው፤ በሽታው ግን በዶሮዋ ላባ፣ በአንጀቷና በታጠበችበት ውሃ ውስጥ ይቀራል፤ ያ ውሃ ደጅ ሲደፋ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ይመጣበታል። ከዚህም በላይ፣ የታመመች ዶሮ በዓይን ታይታ ፈንግል ትሁን የወፍ ጉንፋን አይለይም፤ የወፍ ጉንፋን ደግሞ ሰው ሊገድል ይችላል። በ2014 ዓ.ም. በቢሾፍቱና በአካባቢው የዶሮ በሽታ ሲነሳ የግብርና ሚኒስቴር የዶሮና የዶሮ ውጤቶችን ዝውውር ለጊዜው ያገደው ምንነቱ ሳይታወቅ እንዳይዛመት ነበር። ትልልቆቹ እርባታዎች ከታገዱ በግቢ ሁለት ዶሮ ያለን ሰዎች ለጊዜው ከገበያ መቅረት አይበዛብንም።

በሽታው ለምን በገበያ እንደሚሄድ ማወቅም ይጠቅማል። ዶሮ ቫይረሱን ከያዘች በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊወስድ ይችላል። ገበያ ላይ ላባዋ የሚያበራ፣ ዓይኗ ንቁ የሆነች ቄብ በሽታውን ይዛ ልትመጣ ትችላለች ማለት ነው። ሻጩ አልዋሸም፤ ገዢውም አልተሞኘም። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋና ሐረር የሚሄደው መንገድ ደግሞ መሐላችንን ያልፋል። ጫቱ በፒክአፕና በአይሱዙ ሲፈስ፣ ዶሮውም እግሩ ታስሮ በአውቶቡስ ጣሪያና በባጃጅ መሪ ላይ ተንጠልጥሎ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከገጠር ወደ ከተማ ይጓዛል። በበዓል ሰሞን ይህ ጉዞ ይጨምራል። ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ዶሮ በብዛት ያልቃል፤ ማንኛዋም የጭሮ እናት የምታውቀው ወቅት ነው።

እንግዲህ ፈውስ ከሌለ ክትባት አለ። በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ያመርታል። ከእነዚህ መካከል አይ-2 የሚባለው መነሻው አውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ለገጠር እንዲመች ሙቀት እንዲችል ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ይህ ማለት ጠርሙሱ ባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ይምታው ማለት አይደለም፤ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ከተያዘ ፍሪጅ በሌለበት ቀበሌም መድረስ ይችላል ማለት ነው።

አሰጣጡ ለዓይን የሚያስደስት ሥራ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ቤቱ ሳይከፈት፣ ዶሮዋ ከቆጥ ትወርዳለች። አንዱ ሰው ክንፏን ከጎኑ አጣብቆ ይይዛታል፤ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ያዘነብላል። ሌላው ጠርሙሱን ቀጥ አድርጎ ዘቅዝቆ አንድ ጠብታ በአንድ ዓይኗ ላይ ያሳርፋል። ከዚያ መቸኮል የለም። ጠብታው እንደ ዶቃ ዓይኗ ላይ ይቀመጣል፤ ዐይኗን ጨፍና ስትከፍት ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ትለቀቃለች። በጉንጯ ከፈሰሰ ይደገማል። የተከተበችው ካልተከተበችው እንዳትምታታ እግሯ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል። ጫጩትም፣ ቄብም፣ አውራም መጠኑ ያው አንድ ጠብታ ነው። መከላከያው እስኪጎለብት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ በየአራት ወሩም መደገም አለበት። ለታመመ መንጋ አይሰጥም፤ ቫይረሱ ቀድሞ ስለገባ ጠብታው አይደርስላቸውም፤ በዚያ ቀን የሞተ ዶሮም በስሕተት «ክትባቱ ገደለው» ይባላል።

ጥሪያችን የጋራ የሆነበት ምክንያትም እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ነው። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሲሆን፣ ከተበጠበጠ በኋላ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። ሦስት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ብትገዛው የቀረውን መድፋት ይሆንባታል፤ ስለዚህ አትገዛም፤ ባለሙያውም ለሦስት ዶሮ ጠርሙስ አይከፍትም። አንድ መንደር ሲሰበሰብ ግን የአንድ ዶሮ ድርሻ ትንሽ ሳንቲም ይሆናል። ደግሞም ሁሉም ሳይከተብ የአንዱ መከተብ አይበቃም፤ ዶሮ አጥር አታውቅም።

ይህን የሚያቀናጅ አካል ከሌላ ቦታ አንጠብቅ፤ አለን። ዕድር ይባል አፎሻ፣ ከተማችን ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከልና ቀብር ለመውጣት ስሙ የተመዘገበ ጎረቤት አለ። ከየአፎሻው አንዲት ሴት ትመረጥ፤ ጎረቤቶቿን የምታውቅ፣ ቤት ለቤት መዞር የማይከብዳት። በጥር፣ በግንቦትና በመስከረም የየቤቱን ዶሮ ቆጥራ፣ ገንዘቡን ሰብስባ፣ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ «እኛ ሰፈር ይህን ያህል ዶሮ አለ፣ በዚህ ጠዋት እንዘጋጃለን» ትበል። ጥር የበልጉን ዝናብና የፋሲካን ገበያ ይቀድማል፤ ግንቦት ክረምቱን ይቀድማል፤ መስከረም ደግሞ በዘመን መለወጫው በዓል ሰሞን ከየቦታው የገቡት ዶሮዎች የሚደረስባቸው ጊዜ ነው። በሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወይም ከጫጩት አሳዳጊዎች ሳሶና ቦቫንስ የገዛችሁም አትቅሩ። «ተከትባ ነው የመጣችው» ማለት እውነት ቢሆንም የዚያ ክትባት ጉልበት በወራት ይደክማል፤ እነዚህ ዝርያዎች ደግሞ ግቢ ለግቢ ከሚጭሩት የአገር ዶሮዎች በላይ ዋጋ ያወጡ ናቸው።

ቀድሞ የሚያሳውቅ ሰው ይጎዳል ብለን ትተነው አንሂድ። ዶሮ ስለሞተባት የተናገረች ሴት ሰፈሩን አድናለች፤ የተረፉትን ባለመሸጧም ገንዘቧን አጥታለች። ይህን ኪሣራ ብቻዋን ከተሸከመችው ሁለተኛ አትናገርም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ አፎሻው ደንብ ያውጣ፦ ቀድሞ ያሳወቀ ቤት በሽታው ሲያልፍ ከዳኑት መንጋዎች አንድ ቄብ ወይም የሚታቀፍ እንቁላል ያግኝ። ከብት በእርቢ መስጠት ለለመደ ሕዝብ ዶሮ መተካት እንግዳ ነገር አይደለም። አስተያየታችንን ለመናገር፣ ከማንኛውም ቅስቀሳ በላይ ይህ አንድ ደንብ ይሠራል።

መንግሥትም የራሱ ድርሻ አለበት። የእንስሳት በሽታዎችን ለመከላከልና ለመቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 267 በሽታን ማሳወቅን የእንስሳት ባለቤቱም የባለሙያውም ግዴታ አድርጎታል። ግዴታ ተብሎ የተጻፈው ነገር ግን የሚያነሣው ሰው ያለበት ስልክ ይፈልጋል። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ቁጥራቸውን በገበያ በርና በቀበሌ ሰሌዳ ይለጥፉ፤ በሐረር መንገድ ላይ ሂርና የሚገኘው ክልላዊ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪም ናሙና እንደሚቀበል ሕዝቡ ይወቅ። ጭሮ ያለው የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም የተማሪዎቹን እጅ በክትባት ጠዋት ቢያውሰን አንጠላም።

ለናሙና የሚሄደው ዛሬ የሞተ ዶሮ ነው፤ የቆየ አይሆንም። በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከጭማቂ ቤት በረዶ ተለምኖ አብሮት ተይዞ፣ ባለሙያው ሲያዝ ይላካል። ሌሎቹ ሬሳዎች ውሻና ጅብ የማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ኖራ ወይም አመድ ተነስንሶባቸው ይቀበሩ፤ ወይም ይቃጠሉ። ቦይ የሚጣለው ሬሳ በውሻ አፍና በጭልፊት ጥፍር ተመልሶ ሰፈር ይገባል። የነካ ሰው በሳሙና ይታጠብ፤ የጎረቤት ዶሮ ቤት በዚያ ጫማ አይግባ። ቤቱ ኩሱ ተጠርጎ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ለሳምንታት ባዶውን ይሰንብት። ከገበያ የመጣች አዲስ ዶሮም ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትያዝ፤ ማድ ቤት ጥግ ቅርጫት ሥር ብትሆንም ይበቃል፤ ውሃዋ ግን ከሌሎቹ ይለይ።

የየአፎሻው ሊቃነ መናብርት በሚቀጥለው ስብሰባ ከመዋጮው ሒሳብ በኋላ ሁለት ነገር ያስወስኑልን፦ የሰፈሩን ዶሮ የምትቆጥረው ሴት ማን እንደሆነች፣ እና ቀድሞ ላሳወቀ ቤት የሚሰጠው ቄብ ከየትኛው ቤት እንደሚወጣ።