ፊልማችንን ራሳችን እንጠብ

በገንዘብ ማጣት ምክንያት በየመሳቢያችን ሳይታጠብ የሚከርም ፊልም ብዙ ነው። ያልታጠበ ሥዕል ግን እየቆየ ስለሚደበዝዝ፥ የተማሪነታችን ምስክር እያየነው ሊጠፋብን ነው። ፊልም ማጠብ የባለጸጋ ሥራ ነው የሚሉትን አንቀበልም። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፥ በሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም፥ አንድ መምህርና ተማሪዎቹ ጥቁርና ነጭ ፊልም እንደ ኔስካፌ ባለ ቡናና በማጠቢያ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት) እንደሚታጠብ አሳይተዋል። የቡና አገር ልጆች ለዚህ ልናንስ አይገባንም! ፊልሙ በጨለማ ወደ ታንኩ ከገባ በኋላ የቀረው ሥራ በብርሃን ይፈጸማል። ስካነር ባይኖር፥ ኔጋቲቩን ከነጭ ብርሃን ፊት ይዞ በስልክ ማንሣት ይበቃል። ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር ግን መገዛት አለበት። ስለዚህ ማኅበራችን አንድ ታንክና ፊክሰር ይግዛልን፤ ቡናውን እኛ እናዋጣለን።