የተቃጠለ ዘይት ዋጋ አለው፤ ቤት ውስጥ «ሲጣራ» ግን ኪሳራ ነው

ዛሬ ከሲሚንቶና ከብረት ወጣ ብለን ጋራዥ እንግባ።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዶላሩን እየተከተለ ነው። የሞተር ዘይትም ከዚያው ነው። አዲሱ ሲወደድ የተቃጠለው ፈላጊ ይበዛለታል፤ «ቤት ውስጥ አጣርተን መልሰን እንጠቀመው» የሚለው ምክርም አብሮ ይመጣል።

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ የተቃጠለ ዘይት ሸቀጥ ነው፣ በራሱ ስም ይሸጥ። በጨርቅ አጣርቶ «አዲስ ነው» ማለት ማጭበርበር ነው። የራስ ሞተር ውስጥ መልሶ መጨመር ደግሞ ራስን ማጭበርበር።

ለምን? ሲያስቀምጡት ውሃውና ትልልቁ ቆሻሻ ይዘቅጣል፣ እውነት ነው። ጥቀርሻው ግን በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከጨርቅም ከወንፊትም ያልፋል። የተቀላቀለ ቤንዚንና ናፍጣም በጨርቅ አይለይም፤ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ሞተሩን ከመበላት የሚጠብቁት ኬሚካሎችም አልቀዋል። በአሲድ ቀለሙን የሚያነጡም አሉ። አሲዱ ሰው ያቃጥላል፣ የሚተርፈው ዝቃጭም መጣያ የለውም። ፋብሪካ ሲሆን በቫኪዩም ያነጥረዋል፣ ኬሚካሉን እንደገና ይጨምርበታል፤ ያም ሆኖ ከ100 ሊትር የሚያገኘው 60 ሊትር ገደማ ነው። ጀሪካንና ነጠላ ይዞ ከፋብሪካ የበለጠ አተርፋለሁ የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ጠርጥሩ።

ሒሳቡን እንሥራው። የቤት መኪና 4 ሊትር ገደማ ይወስዳል። የምታተርፉት የ4 ሊትር ዋጋ ነው። ብሮንዚንና ፋሻ ተበልቶ ሞተር ከወረደ ግን ወጪው ከዘይቱ ጋር አይወዳደርም፣ መኪናዋም ሥራ ፈታ ትቆማለች። ለባለባጃጅና ለባለአይሱዙ ይሄ የዕለት እንጀራ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ዘይቱን ንጹሕ፣ ክዳን ባለው ጀሪካን ያዙ። ፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ ወይም ናፍጣ ከተቀላቀለበት ዋጋው ይወርዳል።

2. ፊልትሮውን ሳትጥሉ አንድ ሌሊት አንጠፍጥፉት፣ ውስጡ ዘይት አለ።

3. የአዲሱን ዘይት ባዶ ዕቃ ቀዳችሁ ጣሉት። ያልተቀደደ ዕቃ ነገ «ኦሪጅናል» ተብሎ ሊመለስላችሁ ይችላል።

4. ገዢ ከሆናችሁ ጠብታውን የጋለ ብረት ላይ ሞክሩ። ከተንጣጣ ውሃ አለበት፤ ውሃ በዘይት ዋጋ አትግዙ።

5. ብዙዎቻችን ዘይቱን ጋራዥ ትተን እንሄዳለን። መተው መብታችሁ ነው፤ ግን የት እንደሚሄድ ጠይቁ።

ዋናው ጉዳይ ደግሞ ይሄ ነው። 1 ሊትር የተቃጠለ ዘይት እስከ 1 ሚሊዮን ሊትር ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል። ለአጥር እንጨት የምስጥ መከላከያ፣ ለካሳፎርማ መቀቢያ መዋሉን እናውቃለን። ጉድጓድ ውሃና የጎመን መደብ አጠገብ ግን አይሆንም። በምድጃ ማንደድም እንደ እርሳስ ያሉ ብረቶችን ከጭሱ ጋር ወደ ሳንባ መላክ ነው።

ሰውን «አትድፋ» ብሎ መምከር ብቻውን አይሠራም። ዋጋ ያለው ነገር ግን አይደፋም። ለቢራና ለለስላሳ ሳጥን መያዣ እንደምናስይዘው፣ አዲስ ዘይት የሚሸጥ ሁሉ የተቃጠለውን መልሶ የሚቀበልበት ዋጋ ቢኖረው ቦይ ውስጥ የሚደፋው ይቀንሳል። ቆራሌው ለቆርቆሮና ለፕላስቲክ ዋጋ ከሰጠ፣ አስመጪና አከፋፋይ ለዘይት መስጠት አያቅተውም።

እናንተ ከተማ አንድ ጀሪካን የተቃጠለ ዘይት ስንት ገባ? ከተማችሁን ጠቅሳችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን። መልካም ገበያ!